ቤተ መንግሥቱ፣ የሳይንስ ሙዚየሙና የተረሳው ወናፍ

ከቂርያት ጋት ዘመድ ለመጠየቅ ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው በአንድ ቀን ሊጎበኟቸው የሚችሉ ሁለት ቦታዎች አሉ። አንደኛው በዳግማዊ ምኒልክ ግቢ ውስጥ በኦክቶበር 2019 የተከፈተው አንድነት ፓርክ ነው። ሁለተኛው ከግቢው ብዙም ሳይርቅ በኦክቶበር 2022 የተመረቀው የሳይንስ ሙዚየም ነው። በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱን የምንጠቅሰው እዚህ እስራኤል በለመድነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ስለ ሁለቱም ብዙ ምስጋና ተነግሯል፤ የሚገባቸውም ምስጋና አለ። እኛ ግን ከአዲስ ገቢ ቤተሰብ ልጆች አንጻር ስናያቸው አንድ ትልቅ ነገር ጎድሎ አግኝተናል። ስለዚሁ ጉድለት ጥቂት ማለት እንፈልጋለን።

በመጀመሪያ ስለ ግቢው። ለብዙ ዘመን ተራው ሰው በአጥሩ በኩል ብቻ ያልፍ የነበረው ግቢ ዛሬ ሕፃናት እንደ ልባቸው የሚገቡበት መሆኑ ራሱ ይበል የሚያሰኝ ነው። የምኒልክ ግብር ቤት፣ እንቁላል ቤት የሚባለው ሰገነት፣ የዙፋኑ ቤትና በዙፋኑ ላይ የተቀመጠው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሰም ምስል ልጆችን የሚያስደንቁ ናቸው። ከሁሉም በላይ ያመሰገንነው ግን የዙፋኑ ቤት ምድር ቤት አለመሸፈኑን ነው። በ1974 ደርግ የንጉሡን ባለሥልጣናት ያሰረው እዚያ ነበር፤ በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር 60 የሚያህሉ ሰዎች ሲረሸኑ ከእስረኞቹ ብዙዎቹ ነበሩባቸው። አንድ አገር ዙፋኑንና እስር ቤቱን በአንድ ጣሪያ ሥር ሲያሳይ ለወላጅ ማስረዳቱ ቢከብድም ለልጅ ትልቅ ትምህርት ነው። ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁ ወደ ጥቁር ጎፈር አንበሶቹ ለመሮጥ ቢቸኩሉም ምድር ቤቱን ሳታሳዩአቸው አትለፉ።

ይህ ግቢ ከዚህ ሌላ አንድ ታሪክ አለው። የአገሪቱ የመጀመሪያው የሳይንስ ሙዚየም ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1879 ወደ ሸዋ የመጣው የስዊስ ተወላጅ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ተራራ ውኃ በቧንቧ ወደ ግቢው ያስገባው በ1890ዎቹ ነበር። ስልክም ሲመጣ መጀመሪያ የገባው ለዚሁ ግቢ ነው፤ አንዳንድ ካህናትም የሰይጣን ሥራ ነው ብለው እንደ ተቃወሙት ሲነገር ኖሯል። ይህ ሁሉ ለልጅ ቢተረክ ከዘውድና ከካባ ይልቅ ልቡን ይይዘው ነበር። በጉብኝቱ ውስጥ ግን ጎልቶ የሚታየው የነገሥታቱ ታሪክ እንጂ የሥራውና የሠራተኛው ታሪክ አይደለም።

እኛን በተለይ የሚነካን ጉዳይ እዚህ ላይ ይመጣል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1908 ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብ ከልክለዋል። ብረት የሚቀጠቅጠውን ጠይብ፣ ሌላውንም ባለ እጅ በየሙያው እያዋረዱ መጥራት ይቅር ብለው አዘዋል። ስድቡ በአዋጅ ብቻ እንዳልቀረ አባቶቻችንና እናቶቻችን ያውቃሉ። በጎንደርና በዙሪያዋ ቤተ እስራኤል ወንዱ ቀጥቃጭ፣ ሴቷ ሸክላ ሠሪ ሆነው አገሩን በማረሻና በማሰሮ ሲያገለግሉ፣ በዚያው ሙያቸው ቡዳ ይባሉ ነበር። በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዓመት ለጎንደር ነገሥታት በግንበኝነት፣ በአናጺነትና በቀጥቃጭነት ማገልገላቸውንም ታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። ይህ አዋጅ ከነምክንያቱ በትልቁ ተጽፎ በግብር ቤቱ ደጃፍ ቢሰቀል ኖሮ፣ የኛ ልጅ ግቢውን የሌላ ሰው ቤት አድርጎ ሳይሆን የራሱም ታሪክ ያለበት ቦታ አድርጎ ያየው ነበር።

ወደ ሳይንስ ሙዚየሙ ስንሻገር ሌላ ዓለም ይቀበለናል። በ7 ሄክታር ገደማ መሬት ላይ ያረፈ፣ እንደ ቀለበት የተሠራ ውብ ሕንፃ ነው፤ አጠገቡም ጉልላት ያለው ትርኢት ማሳያ አለ። ውስጡ ስለ ሮቦት፣ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ስለ ጤናና ስለ ገንዘብ አገልግሎት በስክሪን ያሳያል። ኢትዮጵያዊ ወጣት ይህን የመሰለ ነገር በአገሩ ማየቱ ኩራት ነው። ነገር ግን ማሽኑ ምን እንደሚሠራ እንጂ እንዴት እንደሚሠራ፣ ማን እንደ ሠራው፣ ከምን እንደ ተነሣ የሚነገረው ጥቂት ነው። በ1992 የተከፈተውን የኢየሩሳሌሙን ብሉምፊልድ የሳይንስ ሙዚየም ያየ ልጅ ልዩነቱ ይገባዋል፤ እዚያ ልጁ ራሱ እየነካ፣ እየጎተተና እየገፋ ይማራል።

እኛ ብንጠየቅ በመግቢያው ላይ የምናስቀምጠው ሮቦት ሳይሆን የቀጥቃጭ ወናፍ ነው። ወናፉ አየር ወደ ፍሙ ይገፋል፤ በአየሩም ብዛት እሳቱ ከ1,000 ዲግሪ በላይ ይደርሳል፤ ያን ጊዜ ድንጋይ የነበረው ማዕድን ብረት ይሆናል። ይህ ኬሚስትሪ ነው፤ አያቶቻችን በእጃቸውና በዓይናቸው ያውቁት ነበር። በከተማችን የኢንዱስትሪ ቀጠና ኢንቴል ከ1999 ጀምሮ የሚያመርተው ቺፕም መነሻው ሲሊከን ነው፤ እሱም ከአሸዋና ከድንጋይ ዘር በምድጃ ተለይቶ ይወጣል፤ የሚቀልጠውም በ1,414 ዲግሪ ነው። በወናፉና በቺፑ መካከል ያለው ርቀት ሰፊ መሆኑን አንክድም። መንገዱ ግን አንድ ነው፤ እሳት፣ ትዕግሥትና የሠለጠነ እጅ።

ይህን የምንለው ለጌጥ አይደለም። ልጆቻችን በየቀኑ በዚያ ፋብሪካ አጠገብ ያልፋሉ። ወላጆቻቸው ከኢትዮጵያ ባዶ እጃቸውን የመጡ፣ ቴክኖሎጂ የማያውቁ ሰዎች ናቸው የሚል ወሬ በትምህርት ቤትም በሠፈርም ይሰማሉ። ብዙ ልጅ ይህን ወሬ አምኖ ስለ አያቱ ሙያ መናገር ያፍራል። ቤተ መንግሥቱም ሆነ የሳይንስ ሙዚየሙ ይህን ኀፍረት ሊያስወግዱ ይችሉ ነበር፤ እስካሁን ግን አላደረጉትም።

ስለዚህ ሁለቱን ቦታዎች አትሂዱ አንልም፤ ሂዱ፣ ግን ጉድለቱን እናንተው ሙሉት። ከመሄዳችሁ በፊት ልጆቹ አያታቸውን ይጠይቁ፤ ማረሻ እንዴት ይሠራ ነበር? ሸክላው ሳይሰነጠቅ እንዴት ይተኮስ ነበር? ስትመለሱም ከከተማችን የኢንዱስትሪ ቀጠና አጠገብ ቆማችሁ ያዩትን እንዲነግሯችሁ አድርጉ። ሙዚየም ያላሳየውን የሚያሳይ ወላጅ ያለው ልጅ በየትኛውም ግቢ እንግዳ አይሆንም እንላለን።