ሴት ገዳዮች ስለተባለው የእንግሊዞች ፊልም

በሎንዶን ኢሊንግ በሚባለው የፊልም ሥራ ቤት፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1955 ዓ.ም.፣ «ዘ ሌዲኪለርስ» የተባለ ፊልም ወጣ። ስሙ ሲተረጐም ሴት ገዳዮች ማለት ነው፤ እንግሊዞች ግን የሴት ልብ የሚማርከውን ወንድም በዚሁ ስም ይጠሩታልና ገና ከስሙ ጀምሮ ኅብር አለበት። አዘጋጁ አሌክሳንደር ማኬንድሪክ ተወልዶ በአሜሪካ፣ አድጎ በስኮትላንድ ነው፤ ደራሲው ዊሊያም ሮዝም አሜሪካዊ ነው። የእንግሊዝን ጠባይ እንዲህ አጥርተው ያሳዩት እንግሊዝ አገር ያልተወለዱ መሆናቸው የሚያስገርም ነው።

ታሪኩ በኪንግስ ክሮስ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ነው። በጦርነቱ ቦምብ ምክንያት ባዘመመ ቤት ውስጥ ወይዘሮ ዊልበርፎርስ የተባሉ ባልቴት ከበቀቀኖቻቸው ጋራ ይኖራሉ። ፕሮፌሰር ማርከስ የሚሉት ጥርሰ ገጣጣ ሰው መጥቶ ክፍል ይከራያል፤ ከአራት ወዳጆቹ ጋራ ሙዚቃ እንለማመዳለን ይላቸዋል። ሸክላው የቦኬሪኒን ዜማ ያሰማል፤ እነርሱ ግን በሩን ዘግተው ዝርፊያ ይመክራሉ። ሙዚቃው ሰም ነው፤ ሌብነቱ ወርቅ። ባልቴቲቱ ሰሙን ብቻ ሰምተው ሻይ ላምጣላችሁ እያሉ በሩን ያንኳኳሉ፤ ተመልካቹ ሁለቱን ባንድነት ያያል፤ ሣቁም ከዚህ ይመነጫል። የተዘረፈው 60,000 ፓውንድ ያለበትን ሣጥን ከጣቢያ ያመጡላቸውም ምንም የማያውቁት እኒሁ ባልቴት ናቸው።

የማርከስ ተጫዋች አሌክ ጊነስ ስመ ጥር ነው፤ ነገር ግን ጥርሱና ሣቁ አንዳንድ ጊዜ ከልክ ያልፋል፤ ጌጥ በዝቶበት ምሥጢሩ እንደ ቀጠነ ቅኔ ይሆናል። ሻለቃውን የሚጫወተው ሴሲል ፓርከር ይልቅ ልክ ያውቃል፤ የጨዋ ሰው አነጋገሩ ፍርሃቱን ሊሸፍን ሲሞክር ባሰ ይገልጠዋል። ፒተር ሴለርስ በዚያን ጊዜ ገና ስሙ ያልገነነ ነበረ። ኸርበርት ሎም አንድም ጊዜ ሳይሥቅ ያሥቃል፤ እነዚህ ሁለቱ ከዓመታት በኋላ በሌሎች ፊልሞች አለቃና ምንዝር ሆነው መገናኘታቸውን ሲኒማ ወዳድ ያውቃል። ዳኒ ግሪን ግን የሰውነቱ ግዝፈት የአእምሮው ዝግመት መስሎ ይታያል፤ ባልቴቲቱን አትንኩ ብሎ የሚቆመው ግን እርሱ ነው።

ከሁሉ የሚበልጡት ኬቲ ጆንሰን ናቸው። እኒህ ሴት በ1878 ተወልደው ዕድሜያቸውን ሁሉ በትናንሽ ክፍሎች ሲጫወቱ ኖረው፣ ከሰባ አምስት ዓመት በላይ ሲሆናቸው ይህን አገኙ፤ የብሪታንያ ፊልም አካዳሚም ከእንግሊዝ ሴቶች ተጫዋቾች ብልጫ ሰጣቸው። በ1957 ዐረፉ። ጥበባቸው አለማስመሰላቸው ነው፤ ሌባውን እንደ ባለጌ ልጅ ሲገሥጹት ሌባው አንገቱን ይደፋል።

የቼሎው ሣጥን በበር ተይዞ ገንዘቡ ሲበተን ወርቁ ተገለጠ። ሌቦቹ ጉዳቱ ለያንዳንዱ ሰው አንድ ፋርዲንግ ብቻ ነው ብለው ቢከራከሩ አልተቀበሏቸውም። ስለዚህ ማን ይግደላቸው ብለው ዕጣ ተጣጣሉ፤ እርስ በርሳቸውም ተላለቁ። ፊልሙ የሚነቀፈው እዚህ ላይ ነው። ሬሳ በባቡር ፉርጎ ላይ ሲወረወር አንድ ጊዜ ያሥቃል፤ ሲደጋገም እንደ ሰለቸ አዝማች ይሆናል። የየዋሁ ግዙፍ ሞት ደግሞ የሚያሥቅ አልነበረም፤ አዘጋጁ ግን ቆም ሳይል አልፎታል።

ገንዘቡ በባልቴቲቱ እጅ መቅረቱን የሚነቅፍ ይኖራል። ነገር ግን እርሳቸው ወደ ፖሊስ ሄደው እውነቱን ተናግረዋል፤ የሐሰተኞቹ ሙዚቃ የታመነውን ያህል የእርሳቸው እውነት አልታመነም፤ ሹሙም የአሮጊት ተረት መስሎት ገንዘቡን ይያዙት ብሎ አሰናበታቸው። ወደ ቤታቸው ሲመለሱ በመንገድ ዳር ለተቀመጠው ሠዓሊ አንድ የገንዘብ ወረቀት ጥለውለት አለፉ።