አውጪና ተቀባይ፤ ስለ ጨፋና ስለ ከሚሴ ዐዲስ ዘፋኞች

በዛሬ ዘመን «ዐዲስ ዘፋኝ ተገኘ» የሚለው ቃል በየጊዜው ይሰማል። ነገር ግን ያገኘው ማን ነው? የተገኘውስ ከወዴት ነው? ከመገኘቱ በፊትስ ጠፍቶ ነበርን? ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ፥ ከሚሴ ሳይደርሱ፥ ጨፋ ሮቢት የምትባል ከተማ አለች። ስሟ የሮብን ቀን ያስታውሳል፤ መንደርን ገበያው በሚውልበት ቀን መጥራት በሸዋና በወሎ የቈየ ልማድ ነውና። በአጠገቧም የቦርከና ወንዝ የሚያጠጣው የጨፋ ሜዳ ተዘርግቷል። ሌላው አገር በበጋ ሲነጣ ይህ ሜዳ እርጥበቱን ስለሚጠብቅ አፋሩም፥ ኦሮሞውም፥ ዐማራውም፥ አርጎባውም ከብቱን እየነዳ ይወርድበታል። እንግዲህ በዚህ ሜዳ ዳር ያደገ ልጅ ጆሮው ባንድ ቋንቋ ብቻ አልተከፈተም። ድምፁ የተወደደለት እንደ ሆነ ደግሞ ከሠርግ ወደ ሠርግ ሲጠራ ይኖራል፤ በግንባሩም ላይ ብር ይለጠፍለታል፤ የሰፈሩ ሰውም ሁሉ ማንነቱን ያውቃል። የዋና ከተማው ጆሮ እስኪሰማው ድረስ ግን ገና «አልተገኘም» ይባላል።

ይህ አገር ለኢትዮጵያ ዘፈን ያደረገው ውለታ በስሙ ተጽፎ ይገኛል። ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ከሚባሉት ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ የባቲን ከተማ ስም ይዟል፤ አንዱም የአምባሰልን። ባቲ በሰኞ ገበያዋ ከጥንት ጀምራ የታወቀች፥ ዛሬም መቀመጫው ከሚሴ በሆነው በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ውስጥ የምትገኝ ናት። ነገር ግን በአዲስ አበባ ክራር የሚማር ወጣት «ባቲ» ብሎ ሲቃኝ የአውታር ልክ እንጂ ገበያውም፥ ግመሉም፥ ሰዉም አይታሰበውም። ስሙ ተጉዞ ባለቤቱ እቤቱ ቀርቷል ቢባል ሐሰት አይሆንም። በዘፋኞቹም ላይ የደረሰው ነገር ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም።

ነገሩ እንዴት እንደ ሆነ ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1910 ባለው ጊዜ በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ሲያስቀርጹ፥ ያ ዘፈን የተሠራለት ሕዝብ ባሕር ማዶ በሸዋ ነበረ። የአማርኛ ዘፈን ከሸክላ ጋር የተዋወቀው እንዲህ ከሚቀበለው ሰው ተለይቶ ነው። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1948 ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም ሥልጣን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጠ። ይህንንም ደንብ እ.ኤ.አ. በ1969 ደፍረው የጣሱት በዚያን ጊዜ ገና ወጣት የነበሩት አቶ ዐምሃ እሸቴ ናቸው። ሙዚቃ ቤታቸው እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ነጠላ ሸክላ አወጣ፤ ዛሬ ዓለም የሚያደንቀው የአዲስ አበባ ዘፈን ከእርሳቸው ድፍረት ብዙ ተጠቅሟል። እንዲያውም በአገራችን ከመንግሥት ማኅበር ውጭ በግል መሥራት ማለት ምን እንደ ሆነ ያሳዩ እርሳቸው ናቸው። ሆኖም የሸክላው ገበያ የከተማ ገበያ ነበር፤ ማጫወቻው ያለው ሰው የሚፈልገውንም ይከተል ነበር።

በደርግ ዘመን ደግሞ ኪነት መጣ። በደሴ የነበረው የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን እንደ ወይዘሮ ማሪቱ ለገሰ ያለውን ድምፅ ለአገር ሁሉ አሰምቷል። አምባሰልን ከእርሳቸው አፍ የሰማ ሰው ቅኝቱ ከዚያ ተራራ እንደ ወረደ ለማመን ማስረጃ አይፈልግም። የኪነት መድረክ ግን ግጥሙን ለዘመኑ መፈክር ያውለው ስለ ነበረ ድምፁን አሳድጎ ቃሉን አቀጨጨ። ከዚያ ወዲህ የመጡት እንደ ባላገሩ አይዶል ያሉት የቴሌቪዥን ውድድሮች ብዙ ልጆችን ከየክፍለ ሀገሩ አሰምተዋል፤ ነገር ግን ተወዳዳሪው ብቻውን ይቆማል፥ ዳኞቹም ተቀምጠው በጥቂት ደቂቃ ይፈርዳሉ። አሁን ደግሞ ስልክ በያዘው ሁሉ እጅ መቅረጫ አለ፤ ዩቲዩብም ማንንም ሳያስፈቅድ ዘፈኑን ይበትናል። ስለዚህ ወጣቱ ከአሳታሚም ከዳኛም ነጻ ወጥቷል ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ ነጻ ሲወጣ ጥሎት የወጣው ነገር አለ፤ ሒስ የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው።

የወሎ ዘፈን በሁለት እግር የቆመ ነው፤ አንዱ አውጪ፥ ሁለተኛው ተቀባይ። አውጪው ግጥሙን ያወጣል፤ ተቀባዩ አዝማቹን ይመልሳል። ተቀባዩ አጃቢ ብቻ የሚመስለው ሰው ተሳስቷል። አውጪው የሚቀጥለውን ስንኝ የሚያስበው ተቀባዩ በሚመልስባት ቅጽበት ነው፤ ተቀባዩ ሲጋል እርሱም ይረዝማል፤ ሲቀዘቅዝም ግጥሙ እንዳልያዘ ዐውቆ ይለውጠዋል። ካህናት አንባብያን ይህን ከማንም ይልቅ ያውቁታል። በማሕሌት መሪ ሲመራ ተመሪ ይቀበላል፤ ቀኝና ግራ ሆነው በመቋሚያና በጸናጽል ያንኑ ቃል ሲያነሡ ሲጥሉ ያድራሉ። የድጓ ተማሪም ዓመታት ደክሞ ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም የሚወርደው ለምስክርነት ነው፤ በሚያውቅ ጆሮ ፊት ሳይቆም ዐወቀ አይባልም። ለዘፈንና ለዜማ አንድ ክብር ለመስጠት ይህ አልተባለም፤ ነገር ግን የሚሰማ ሰው የሚሰማውን ሲያርም ሁለቱም ይመሳሰላሉ።

በጨፋና በከሚሴ አካባቢ ይህን ሥርዐት ከሁሉ አጥብቆ የያዘው መንዙማ ነው። የወሎ እስልምና ሊቃውንት ነቢዩን የሚያወድሱበት፥ ፈጣሪን የሚማጠኑበት ግጥም በዐረብኛም፥ በአማርኛም፥ በኦሮምኛም ይደረሳል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ያረፉት ሼኽ ጠልሃ ቢን ጃዕፈር የአማርኛውን ግጥም በዐረብ ፊደል የጻፉ ሊቅ ነበሩ። ከከሚሴ ብዙ ሳይርቅ ባለው ተራራ ላይ የተሠራችው የአርጎባዎች መንደር ሾንኬም በ1937 ያረፉት የሼኽ ጀውሀር ቢን ሐይደር መቀመጫ ነበረች። ሐድራው ሲሰበሰብ አንዱ ያወጣል፥ ሌላው ይቀበላል፥ ድቤው ይመታል። ዐዲስ ግጥም የመጣ እንደ ሆነ በዚያ ሸንጎ ይፈተናል፤ ተቀባዩ በሁለተኛው ሌሊት ሳይጠየቅ ካነሣው ግጥሙ ኖረ፤ ካላነሣው ማንም ሳይዘልፈው ጠፋ። አሳታሚ የለው፥ የመንግሥት ማኅበር የለው፥ ሽልማት የለው፤ ከማንም ጥገኝነት ውጭ ለዘመናት የኖረ ሥራ ካስፈለገ እንግዲህ ይህ ነው። ካሴት በመጣ ጊዜም መንዙማ ወደ ካሴት ሲገባ ተቀባዩን ይዞ ገባ።

ዓለማዊው የሠርግ ዘፈን ግን ወደ ዐዲሱ መቅረጫ ሲገባ ተቀባዩን በር ላይ ትቶት የገባበት ጊዜ ብዙ ነው። አሁን በየስልኩ ከሚሰሙት ዐዲስ ዘፈኖች በአብዛኛው አውጪው ስንኙን ካለ በኋላ የሚመልስለት የራሱ ድምፅ ነው፤ መሣሪያው ድምፁን ሁለትና ሦስት እያደረገ ይደራርበዋል። ራሱ አውጪ፥ ራሱ ተቀባይ ይሆናል። የሚገርመው ግን ዘፈኑ መበላሸቱ ሳይሆን አለመሳሳቱ ነው። ሁሉ ነገር ልክ ነው፤ ምቱ አይፈጥንም፥ አይዘገይም፤ አዝማቹ ሁልጊዜ በዚያው ብርታት ይመለሳል። የሰው ተቀባይ ግን ሦስተኛው ስንኝ ልቡን ሲነካው ከመጀመሪያው ይልቅ ይጮኻል። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም፤ ዘፈኑ ወዴት እንደሚወጣ የሚያሳየው እርሱ ነበረና።

ከዚህ ጋር የቅኝቱ ጕዳይ አለ። ሕዝቡ ኦርጋን በሚለው መሣሪያ ላይ ከአንድ ድምፅ እስከ እጥፉ ያለው ርቀት በዐሥራ ሁለት እኩል ደረጃ የተከፈለ ነው። ማሲንቆ ግን አንድ የፈረስ ጭራ አውታር ያለው ስለ ሆነ ጣት በፈለገችው ቦታ ትቆማለች፤ በሁለት ደረጃዎች መካከልም ታለሳልሳለች። ትዝታ በኦርጋን ብዙ አይጐዳም። ባቲም ቢሆን ይችለዋል። አንቺ ሆዬ ግን ተጨንቆ ይወጣል፤ ያ የሚያሳክከው ድምፁ ወደ ቅርቡ ቁልፍ ተገፍቶ ይገባል። ይህን ስሕተት ከአዲስ አበባ ባለሙያ ይልቅ አንድ የባቲ ባልቴት ቶሎ ታገኘው ይሆናል፤ ነገር ግን ቀረጻው በሚደረግበት ክፍል እርሷን የጠራት የለም።

በዚህ ክርክር ላይ የሚነሣ መልካም መቃወሚያ አለ። ሀይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 በአሜሪካ ሆኖ አንድ ካሴት ብቻውን ሠራ፤ አኮርዲዮኑንም፥ የኤሌክትሪክ ፒያኖውንም፥ ሌላውንም የነካው እርሱ ነው። ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ አንድ አሜሪካዊ ያንን ካሴት በባሕር ዳር ሱቅ አግኝቶ በ2013 እንደ ገና አሳተመው፤ በዚያን ጊዜ ሀይሉ በዋሽንግተን ታክሲ ይነዳ ነበር። ከዚያም ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 ላላ በሉ የተባለውን ዐዲስ ሥራ አወጣ። እንግዲህ ያለ ተቀባይ የተሠራ ሥራ እንዴት እንዲህ ያለ ሕይወት አገኘ? ካሴቱን አስተውሎ የሰማ ሰው መልሱን ያገኘዋል። አኮርዲዮኑና ፒያኖው አንዱ ሌላውን አያፍንም፤ በመካከላቸውም አየር አለ። ሰሚው በዚያ ባዶ ቦታ የራሱን ድምፅ ሊያስገባ ይችላል። ብቻውን የሠራው ሰው ተቀባዩን አልረሳውም፤ ስለዚህ የሚወቀሰው ብቻውን የሚሠራ ሳይሆን ለማንም ቦታ የማይተው ነው።

በሀይሉ ታሪክ የሚያሳዝነው ሌላ ነገር አለ፤ ካሴቱ የተገኘው በእኛ ሱቅ፥ ያገኘው ግን የሩቅ ሰው ነው። የሩቅ ሰው መስማቱ አይነቀፍም። ነገር ግን የሀንጋሪው ቤላ ባርቶክ ከ1906 ጀምሮ ድምፅ መቅረጫ ተሸክሞ በገዛ አገሩ መንደሮች ሲዞር አንድ ኮከብ ዘፋኝ ፍለጋ አልወጣም። ያንኑ አንድ ዘፈን ከብዙ ገበሬ አፍ እየሰማ፥ በየአፉ የተለወጠውን ሁሉ ይጽፍ ነበር። በወሎ እንዲህ ያለ ጆሮ ያለው ሰው ቢነሣ በሠርጉ መካከል የቆመውን ወጣት ብቻ ሳይሆን ከኋላው የቆሙትን ሃያ ሰዎች ደግሞ ያገኝ ነበር።

ይህ ነገር በጨፋ ከሙያም ያለፈ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 መጋቢትና ሚያዝያ በአጣዬና በአካባቢዋ ግጭት ሆነ፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት መጨረሻ ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት እስከ ከሚሴ ደረሰ። ሰው ሞተ፥ ቤት ተቃጠለ፥ መንገዱም ተዘጋ። ከዚህ በኋላ ከዚያ አገር ዐዲስ ዘፈን ሲመጣ ሒሱ ስለ ድምፁ ማማርና ስለ ልብሱ ቀለም ብቻ ሊሆን አይችልም፤ አዝማቹን ማን ይቀበለው ዘንድ ተሠራ? ተብሎ ይጠየቃል። ስንኙ በአማርኛ ወጥቶ አዝማቹ በኦሮምኛ የሚመለስበት፥ ወይም ይህ ተገልብጦ የሚሆንበት ዘፈን በዚያ አካባቢ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ሁለቱንም ቋንቋ ከልጅነቱ የሰማ ሰው በራሱ ቋንቋ ያልወጣውን አዝማች ሳያስበው ይመልሳል። በመሣሪያ ተደራርቦ በአንድ ሰው አፍ ብቻ የሚመለስ አዝማች ግን ከጎረቤቱ የሚፈልገው ነገር የለውም። ጎረቤቱም ይህን ያውቃል።

ስለዚህ ዐዲሶቹን ዘፋኞች ለማግኘት የሚወድ ሰው ስልኩን ከማየት ይልቅ ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው የሠርግ ወራት አንድ ሌሊት በጨፋ ቢያድር ብዙ ያተርፋል። በመጀመሪያው ሰዓት ኦርጋኑ ይጮኻል፤ ድምፅ ማጉያውም ሁሉን ያፍናል፤ በዚያ ጊዜ የሚሰማ ነገር የለም። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ መብራት የጠፋ እንደ ሆነ ግን፥ ይህም ብርቅ አይደለም፥ ኦርጋኑ ዝም ይላል፤ አንዲት ሴት ከበሮውን ታነሣለች፤ ሲጮኽ ያመሸው ወጣት የራሱን ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ይሰማል። አንድ ስንኝ ያወጣል። ጥቂት ሰዎች ይመልሱለታል። ሁለተኛውን ያወጣል፤ ከደጅ ያሉት ገብተው ይመልሱለታል። በሦስተኛው ግጥሙ ቢጠፋውና ቢቆም ተቀባዮቹ አዝማቹን ሳይለቁ ደጋግመው እያዜሙ፥ እስኪመጣለት ድረስ ይጠብቁታል።