ስለ መትረየስና ስለ ፉከራ
ከአምበር እስከ ደብረ ማርቆስ ባለው አገር፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የተዋጉት አርበኞች ትዝታ ይበልጡን በፉከራ ደርሶናል። «እኔ» ማለት የፉከራ ሕግ ነውና በዚህ አይነቀፍም። ነገር ግን መትረየስ ሲነሣ ይህ ሕግ ይጠብበዋል። የኢጣልያ ጦር በምሥራቅ አፍሪካ ከያዛቸው አንዱ ሽዋርዝሎዘ፥ መሣሪያው 20 ኪሎ፥ እግሩም 20 ኪሎ ያህል ሆኖ ተለያይቶ ይጓዛል፤ ጥይቱን ሌላ ሰው ያጎርሰዋል፤ እንዳይግልም ውኃ ይሻል። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ማርኮ የተዋጋ ጀግና ብቻውን አልተኮሰም። በቅኔ ቋንቋ ተኳሹ ሰም፥ ውኃ የቀዳው ወርቅ ነው። አርበኞቹ አብዛኞቹ አልፈዋል፤ ትዝታቸውን የሚጽፉ ልጆች ፉከራውን ይጠብቁ፥ የውኃ ቀጂውን ስም ግን አይተዉ።