ስለ ነቀዝ ማጥፊያ ዕፅዋት የተጻፉ ጥናቶች ሲመረመሩ

እህልን ከነቀዝ ለመጠበቅ የቅጠልና የፍሬ ዱቄት ስለ መጠቀም በኢትዮጵያ የተጻፉት ጥናቶች ጥቂት አይደሉም። የብዙዎቹ መንገድ አንድ ነው፤ ይኸውም የብሳና፣ የእንዶድ ወይም የኒም ዱቄት በብርጭቆ ዕቃ ካለ እህል ጋር ይደባለቃል፤ ነቀዝ ይጨመርበታል፤ ከጥቂት ቀን በኋላ የሞተው ይቈጠራል። ሥራው ትጋት አይጐድለውም፤ ጕድለቱ ከዚህ ቍጥር ተነሥቶ ስለ ገበሬው ጎታ በሚሰጠው ፍርድ ላይ ነው።

ከላሊበላ በላይ ያለውን የአሸተን ማርያምን ደጋ ለምሳሌ መውሰድ ይቻላል። ከፍታው ከ3000 ሜትር ይበልጣል። ነቀዝ ከ15 ዲግሪ በታች በሆነ ብርድ እምብዛም አይራባም፤ ሙከራው ግን ዘወትር የሚደረገው ለነቀዝ በሚመቸው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። እንግዲህ በዚያ ደጋ ገብሱ ሳይነቅዝ ቢከርም፣ የጠበቀው ዱቄቱ ነው ወይስ ብርዱ? በዚያው ቤት ያለ ዱቄት የተቀመጠ እህል አብሮ ካልተመረመረ መልስ አይገኝም። ማሽላውን በተከዜ ቈላ ለሚያስቀምጥ ሰውም የደጋው ምስክርነት ዋስትና አይሆነውም።

ሁለተኛው ጕድለት ዱቄቱ እንዴት እንደሚገድል አለመለየቱ ነው። አመድም ቢሆን የነቀዙን ሰም መሳይ ልባስ ፍቆ ሰውነቱን በማድረቅ ይገድላል። ስለዚህ አመድ በንጽጽር ካልቀረበ፣ የገደለው የቅጠሉ መርዝ ይሁን የትቢያው ልምነት አይታወቅም። ደግሞም እንስቷ ነቀዝ ፍሬውን በስታ እንቍላሏን በውስጡ ጥላ ትደፍነዋለች፤ ከላይ የተነሰነሰው ዱቄት በውስጥ ያለውን ትል አያገኘውም፤ የጥቂት ቀን ቈጠራም ይህን አያሳይም።

ሦስተኛውና ከባዱ ጕድለት ስለ ተመጋቢው ዝም ማለት ነው። ዕፅ ስለ ሆነ አይጐዳም ማለት ስሕተት ነው፤ የብሳና ፍሬ ብርቱ የሚያስቀምጥ፣ እንዶድም ለሰው መርዝነት ያለው ነው። እህሉ ከመፈጨቱ በፊት እንዴት እንደሚነፋና እንደሚታጠብ ሳይጠየቅ መጠን መምከር አይገባም።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው ነበር ምርመራቸውን የጀመሩት። የነቀዝ ጥናትም እንዲሁ ከጎታው ባለቤት ሥራ መነሣት ይገባዋል። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. በረኀብ ለተጐዳው ለላስታ፣ በተሳሳተ ምክር የሚጠፋው የዘር እህል የሚቀጥለው ዓመት እንጀራ ነውና።