የትርጉም ሚዛንና የተርጓሚው ጆሮ

የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ታሪክ ሲጻፍ በቅድሚያ የሚነሣው ሥራውን ያዘዘው፣ ገንዘቡን ያወጣውና ያሳተመው ወገን ነው። የማተሚያ ቤቱ ከተማና የኅትመቱ ዓመት በጥንቃቄ ይመዘገባሉ። «ይህ በቋንቋችን እንዲህ አይባልም» ብሎ ቃሉን ያቃናው ሰው ግን በግማሽ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። ጉዳቱ የእርሱ ስም መረሳት ብቻ አይደለም፤ የትርጉሙ መመዘኛም አብሮ ይዛባል።

የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ አጀማመር ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ካይሮ ውስጥ የፈረንሳይ ምክትል ቆንስል የነበሩት አሰሊን ደ ሸርቪልና አገራቸውን ለቅቀው እስከ ህንድ ድረስ የተጓዙት ኢትዮጵያዊ አቡ ሩሚ፣ ማክሰኞና ቅዳሜ በራቸውን ለእንግዳ ዘግተው ለ10 ዓመት ያህል ሠሩ። ቆንስሉ የዐረብኛውን ምንባብ ቀስ ብለው ያነብባሉ፤ አስቸጋሪውን ቃል ከዕብራይስጡ፣ ከሱርስቱና ከሰብዓ ሊቃናት ትርጉም ጋር እያመሳከሩ ያብራራሉ፤ አቡ ሩሚ ወደ አማርኛ ይመልሳሉ። 9,539 ገጽ የሆነውን ጽሑፍ ዊሊያም ጆዌት እ.ኤ.አ. በ1820 ለእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ገዙት። ወንጌላቱ በ1824፣ ሐዲስ ኪዳን በ1829፣ መላው መጽሐፍ በ1840 ታተመ። አቡ ሩሚ ግን አንዱንም ሳያዩ ዐርፈው ነበር።

የዚህ አሠራር ብርታቱም ድክመቱም ከዚያች ዝግ ክፍል ይመነጫል። ከዳር እስከ ዳር በአንድ ሰው አንደበት ያለፈ ሥራ በስብሰባ የማይገኝ የድምፅ አንድነት አለው። በአንጻሩ ቃሉን የሚፈትነው የስደተኛው ትዝታ ብቻ ነበር፤ ገበሬው፣ እናቲቱ፣ የአብነት ተማሪው ሰምተው «አልገባንም» የሚሉበት ዕድል አልነበረም። የኋለኞቹ አራሚዎች ሥራውን ደጋግመው ለማቃናት መነሣታቸው አያስደንቅም።

የኦሮምኛው ትርጉም ይህን ጉድለት በሌላ መንገድ ሞልቶታል። ኦኔሲሞስ ነሲብ በልጅነታቸው ለባርነት ተሸጠው እ.ኤ.አ. በ1870 ምጽዋ ላይ ነፃ የወጡ ሰው ነበሩ። ከሕዝባቸው ርቀው በማደጋቸው የቋንቋው ሀብት በበቂ እንዳልነበራቸው ራሳቸው ተገንዝበዋል። ክፍተቱን የሞሉት እንደ እርሳቸው ከባርነት የተረፉት አስቴር ጋኖ ናቸው። በእምኩሉ ሆነው ወደ 15,000 የሚጠጋ ቃል ሰበሰቡ፤ እንቆቅልሽና ተረትም ጻፉ። ሐዲስ ኪዳን በ1893 እምኩሉ፣ መላው መጽሐፍ በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ በግዕዝ ፊደል ታተመ። ዝናው በአብዛኛው የኦኔሲሞስ ሆነ። የኦኔሲሞስ ድካም ዝናውን ያንሰዋል የሚል አይኖርም፤ ነገር ግን ተረትና እንቆቅልሽ የለቀመችውን ጆሮ ረዳት ብቻ ብሎ ማለፍ የትርጉምን ምንነት አለመረዳት ነው። ቅዱስ ቃል በሕዝብ አፍ እንዲያድር ከተፈለገ መጀመሪያ የሕዝቡ አነጋገር መሰብሰብ አለበት።

ይህ ክርክር ያለፈ ዘመን ጉዳይ አይደለም። የ1954 ዓ.ም. የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ክርስቶስን «መድኃኒት» ሲል በመድኃኔ ዓለም ደጅ ላደገ ሰው ቃሉ ሙሉ ነው፤ ለከተማ ወጣት ግን መጀመሪያ የሚታየው ፋርማሲ ሊሆን ይችላል። ቃሉን ለማቅለል «አዳኝ» ቢባል ሌላ ችግር ይመጣል፤ በጽሑፍ ላይ የሚያድነውና አውሬ የሚያድነው ሰው አንድ ናቸው። መዝገበ ቃላት ሁለቱንም ያጸድቃል። የሚቆረጠው ጮክ ብሎ ተነብቦ፣ የሰሚው ፊት ሲታይ ነው።

ስለዚህ አዲስ ትርጉም ሲወጣ ከየትኛው ምንጭ እንደተመለሰ ብቻ መጠየቅ አይበቃም። ማን ሰማው? ማን ተቃወመው? ስንት ጊዜ ተመልሶ ተጻፈ? የትርጉም መቅድሞች ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ቢሰጡ፣ ለአቡ ሩሚና ለአስቴር ጋኖ ዘግይቶም ቢሆን ዕዳ ይከፈላል፤ አንባቢም የያዘውን መጽሐፍ የሚመዝንበት ትክክለኛ ሚዛን ያገኛል።