«አይራይተር» በጤና ባለሙያ ሚዛን

እጅና እግራቸውን ማዘዝ ለማይችሉ ሰዎች በግል ጥረት ከተሠሩ የኮምፒውተር መቆጣጠሪያዎች መካከል እ.ኤ.አ. በ2009 በሎስ አንጀለስ የተሠራው «አይራይተር» ከፍ ያለ ዝና ካገኙት አንዱ ነው። በ2010 የአርስ ኤሌክትሮኒካን የመስተጋብራዊ ጥበብ ዘርፍ ቀዳሚ ሽልማት የተቀበለ ሲሆን፣ በ2011 ደግሞ በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ለተመልካች ቀርቧል። ይህ ምስጋና የመጣው ከጥበብ ወገን ነው። መሣሪያው የሚያርፈው በታማሚ አካል ላይ በመሆኑ ግን በሕክምና ሚዛንም መመዘን ይገባዋል።

የሥራው መነሻ አቶ ቶኒ ኩዋን ናቸው። «ቴምፕት ዋን» በሚል ስም የሚታወቁት እኚህ የግራፊቲ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ2003 አሚዮትሮፊክ ላተራል ስክሌሮሲስ በተባለው ሕመም መያዛቸው ታወቀ። ሕመሙ ጡንቻን የሚያዙ ነርቮችን ደረጃ በደረጃ የሚያጠፋ ሲሆን፣ የዓይንን እንቅስቃሴ ግን ብዙውን ጊዜ ለረጅም ዘመን ሳይነካ ይቆያል። ሠዓሊውም ከዓይናቸው በቀር እንደ ልብ የሚያዙት አካል አልቀረላቸውም። በሚክ ኢቤሊንግ አስተባባሪነት የተሰባሰቡት ዛክ ሊበርማንና ባልደረቦቻቸው ከርካሽ የመነጽር ፍሬም፣ ከሽቦ፣ ከጥቃቅን የኢንፍራሬድ አምፖሎችና ከፕሌይስቴሽን የጨዋታ ካሜራ መሣሪያውን ገጣጠሙ። የዕቃዎቹ ዋጋ 50 ዶላር ገደማ ነበር፤ ለተመሳሳይ አገልግሎት በፋብሪካ የሚሠሩት በዚያን ጊዜ በሺዎች በሚቆጠር ዶላር ይሸጡ ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነው። የኢንፍራሬድ ብርሃን ዓይን ላይ ሲያርፍ ብሌኑ ጠቁሮ ይለያል፤ ካሜራው ይህን ይቀርጻል፤ ሶፍትዌሩም የብሌኑን ቦታ እየተከታተለ በኮምፒውተሩ መስኮት ላይ ወደሚገኝ ነጥብ ይለውጠዋል። ተጠቃሚው አስቀድሞ በመስኮቱ ላይ የሚታዩትን ነጥቦች በተራ በመመልከት ልኬቱን ያስተካክላል፤ ከዚያም አንድን ነጥብ ለጥቂት ጊዜ ትኩር ብሎ በማየት ምርጫውን ያሳውቃል። አቶ ቶኒ በዚህ መንገድ የሣሉት ሥዕል፣ እርሳቸው በአልጋቸው ላይ እያሉ፣ በከተማው መሐል በሚገኝ ሕንፃ ላይ በብርሃን ታይቷል።

የሥራው ታላቅ ብልጫ ርካሽነቱ ሳይሆን የተነሣበት ጥያቄ ነው። እኛ የጤና ባለሙያዎች ብዙውን ጊዜ «ታማሚው ምን አጣ?» ብለን እንጀምራለን። የመሣሪያው ሠሪዎች ግን «ምን ቀረለት? ምንስ ማድረግ ይፈልጋል?» ብለው ጀመሩ። ታማሚው ውኃ ወይም መድኃኒት መጠየቂያ ብቻ ሳይሆን መሣል እንደሚሻ መቀበል፣ እርሱን እንደ ሙሉ ሰው ማየት ነው። የሶፍትዌሩን ኮድና የአሠራሩን መመሪያ ለማንም በነፃ መልቀቃቸውም ሊመሰገን ይገባል።

ይሁን እንጂ ሥራው ጉድለት አለው። መመሪያው በአመዛኙ ስለ ዕቃውና ስለ ሶፍትዌሩ የሚናገር ነው፤ ስለ አካሉ የሚለው ጥቂት ነው። የመጀመሪያው መሣሪያ የሚለካው ዓይን ከራስ አንጻር ያለበትን ቦታ በመሆኑ፣ ራስ ትንሽ ዘንበል ካለ ልኬቱ ይዛባል። ስለዚህም ራሳቸውን በመጠኑ የሚያንቀሳቅሱ ሰዎች እንዲጠቀሙበት ካሜራውን ከፊት ራቅ አድርጎ የሚያስቀምጥ ሁለተኛ ዓይነት መሥራት አስፈልጓል። ይህ የምሕንድስና ችግር ብቻ አይደለም። የአንገት ድጋፍ፣ የአልጋው ከፍታና የአቀማመጥ ጉዳይም ነው፤ እነዚህን የሚያውቀው ደግሞ ፊዚዮቴራፒስቱና ነርሷ ናቸው።

ሌሎችም ጥያቄዎች አሉ። የኢንፍራሬድ ብርሃን ስለማይታይ ዓይን ራሱን ለመከላከል አይጨፈንም፤ ስለዚህ የአምፖሎቹ ኃይልና ከዓይን ያላቸው ርቀት በጥንቃቄ መለካት አለበት። ትኩር ብሎ ማየት የዓይን ጥቅሻን ስለሚቀንስ ድርቀትና ድካም ያመጣል። ሕመሙ እየገፋ የሚሄድ በመሆኑም ዛሬ የተስማማው መሣሪያ ከወራት በኋላ ላይስማማ ይችላል። ሠሪው ከሄደ በኋላ የሚያስተካክለው ሰው ከሌለ መሣሪያው መሳቢያ ውስጥ ይቀራል፤ ታማሚውም አንደበቱን ለሁለተኛ ጊዜ ያጣል።

ካሜራና ሶፍትዌር የግድ አይደሉም። ጣቱን፣ አገጩን ወይም ቅንድቡን በእርግጠኝነት ማንቀሳቀስ ለሚችል ሰው ሁለት የአሉሚኒየም ፎይል ቁራጮች፣ በመካከላቸው መሐሉ የተበሳ ስፖንጅ፣ እንዲሁም በአሮጌ ማውስ ግራ መጫኛ ላይ የተበየዱ ሁለት ሽቦዎች በቂ ስዊች ይሆናሉ። በዚህ ረገድ የአማርኛ ፊደል ገበታ ሳይታሰብ ያዘጋጀልን ጥቅም አለ። 33ቱ ረድፎች በየተራ ሲበሩ ተጠቃሚው ረድፉን፣ ከዚያም ከሰባቱ ድምፆች አንዱን ይመርጣል። ለእያንዳንዱ አንድ ሰከንድ ቢሰጥ የመጨረሻዋን ፊደል ለመጻፍ 40 ሰከንድ ያስፈልጋል። ረድፎቹ ስድስት ስድስት ሆነው ቢመደቡ ግን ከ18 ሰከንድ የሚበልጥ ፊደል አይኖርም። ሆኖም በሁለት ፈንታ ሦስት ጊዜ መጫን ግድ ይላል። ታማሚው ሦስተኛውን ጫና ይችለዋል ወይስ ይደክመዋል? ይህን የሚመልሰው ኮምፒውተሩ ሳይሆን የታማሚውን ጡንቻ የመረመረው ባለሙያ ነው።

በጠቅላላው ሲታይ «አይራይተር» የተመሰገነው በሚገባ ነው፤ ነገር ግን የሥራው ግማሽ ነው። ቀሪው ግማሽ አስተማማኙን እንቅስቃሴ መለየት፣ አቀማመጥን ማስተካከል፣ ቆዳንና ዓይንን መጠበቅ፣ በየጊዜውም ተመልሶ መመርመር ነው። ሽቦ የሚበይድ ወጣት በየከተማው አይጠፋም። ከእርሱ ጎን በታማሚው አልጋ አጠገብ ሊቆም የሚገባው የጤና ባለሙያ ነው።