የቤርድ መዝገብ እንደገና ሲጻፍ

ከዳር እስከ ዳር ለመነበብ ሳይሆን ተገልጠው ለመታየት ብቻ የሚጻፉ መጻሕፍት አሉ። መዝገበ ቃላት፣ የስልክ ማውጫ፣ የዘመን መቁጠሪያ ከዚህ ወገን ናቸው። ሐያሲ ብዕሩን ወደ እነርሱ ማዞር አይወድም። ገጸ ባሕርይ የላቸው፣ ሴራ የላቸው፣ ምናቸው ይተቻል? በእኔ አስተያየት ግን እንዲህ ያለው መጽሐፍ ከልቦለዱ ይበልጥ ሊተች ይገባዋል። ልቦለድ የሚያነብ ሰው ደራሲው ፈጥሮ እንደጻፈው ያውቃል። መዝገብ የሚገልጥ ሰው ግን የተጻፈው ሁሉ እውነት፣ ያልተጻፈውም ሁሉ ያልነበረ ይመስለዋል።

ዛሬ የማነሣው እንዲህ ያለውን አንድ የአሜሪካ መዝገብ ነው። በአገሩ “የቤርድ መመሪያ” ይሉታል። በዩናይትድ ስቴትስ ኮሌጆች ያሉትን ፍራተርኒቲዎችና ሶሮሪቲዎች፣ ማለትም የወንድ ተማሪዎችን የወንድማማችነትና የሴት ተማሪዎችን የእኅትማማችነት ማኅበራት፣ አንድ በአንድ የሚዘረዝር ነው። መጀመሪያ የታተመው በ1879 ሲሆን (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሃያኛውና የመጨረሻው የወረቀት እትም የወጣው በ1991 ነው። ከዚያ ወዲህ ዝርዝሩን ወቅታዊ የማድረጉ ሥራ ወደ ኢንተርኔት ተሻግሮ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መዛግብት በኩል ለሕዝብ ቀርቧል። ሥራው ገና ያላለቀ ስለሆነ ነው መናገሩ የሚጠቅመው።

ለመሆኑ እነዚህ ማኅበራት ምንድን ናቸው? በግሪክ ፊደላት መጠራትን ያስለመደው በ1776 በቨርጂንያው ዊልያም ኤንድ ሜሪ ኮሌጅ የተቋቋመው ፋይ ቤታ ካፓ ነው። እርሱ ራሱ ውሎ አድሮ በትምህርት የላቁ ተማሪዎች የክብር ማኅበር ሆነ። ዛሬ በምናውቀው መልኩ ግን ነገሩ የተጀመረው በኒው ዮርኩ ዩኒየን ኮሌጅ፣ በ1825 ካፓ አልፋ ሲመሠረት ነው። ሴቶቹ ዘግየት ብለው ተከተሉ። (የግሪኩ ፊደል ለእኛ አንባቢ ባዕድ ሊመስለው አይገባም። ፩፣ ፪፣ ፫ እያልን የምንጽፋቸው የግዕዝ ቁጥሮች ከእነዚያው ከአልፋ፣ ከቤታና ከጋማ የመጡ ናቸው።) ማኅበርተኞቹ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቤት ይኖራሉ። የምሥጢር ሥርዓት አላቸው። ከተመረቁም በኋላ ሥራ ሲፈለግ እነዚያ ሁለት ሦስት ፊደላት ዘመድ ይሆናሉ። ከጽዋ ማኅበራችን ጋር የሚያመሳስሏቸው ሰዎች አሉ። መተሳሰቡ ያመሳስል ይሆናል። የጽዋ ማኅበር ግን አዲስ የሚገባውን ሰው በሌሊት አስክሮ አይፈትንም።

ዊልያም ሬይሞንድ ቤርድ መጽሐፉን ሲያወጣ ገና የሃያ አንድ ዓመት ገደማ ወጣት ነበር። የገባባት አልፋ ሲግማ ካይ የምትባል ትንሽ ማኅበር በዚያው በ1879 ቤታ ቴታ ፓይ ወደሚባለው ትልቅ ማኅበር ተቀላቅላ ስሟ ጠፋ። ማኅበር ምን ያህል በቀላሉ እንደሚጠፋ ከራሱ ሕይወት ያወቀ ሰው መዝገብ መጀመሩ አያስገርምም። እስከሞተበት እስከ 1917 ድረስ ደጋግሞ አሳተመው። ከእርሱ በኋላም ሌሎች አዘጋጆች እየተቀባበሉ አቆዩት።

የመጽሐፉ ውለታ ትንሽ አይደለም። እያንዳንዱ ማኅበር የራሱን ጥንታዊነት፣ የራሱን ታላላቅ ሰዎች፣ የራሱን ገናናነት በሚያወራበት ዓለም ውስጥ ቤርድ ሁሉንም በአንድ ሚዛን አስቀመጣቸው። የት ተመሠረተ፣ መቼ፣ በእነማን፣ ባጁ ምን ይመስላል፣ ቀለሙ ምንድን ነው፣ ቅርንጫፎቹ የት የት ናቸው። ቅጽል የለም፣ ውዳሴ የለም። የእኛን አጭር ታሪከ ነገሥት ያነበበ ሰው ይህን አጻጻፍ ያውቀዋል። እገሌ ነገሠ፣ ይህን ያህል ዓመት ቆየ፣ ሞተ፣ ቀጥሎ እገሌ። ድርቀቱ ውበት አለው።

ጉድለቱም ያለው እዚያው ድርቀቱ ውስጥ ነው። የቅርንጫፎቹን ዝርዝር እንመልከት። ለእያንዳንዱ የተከፈተበት ዓመት ይሰጣል፣ ከተዘጋ የተዘጋበት ዓመት ይጨመራል። ለምን ተዘጋ? በቀድሞዎቹ እትሞች አልፎ አልፎ አንድ ቃል ጣል ይደረግ ነበር። ቅርንጫፎቹ እየበዙ ሲሄዱ ግን ዓመቱ ብቻ ቀረ።

ሁለት ምሳሌ ልስጥ። በማሳቹሴትስ ባለው አምኸርስት ኮሌጅ የፋይ ካፓ ፓይ ቅርንጫፍ በ1948 ከብሔራዊው ማኅበር ተባረረ። ጥፋቱ ምን ነበር? አንድ ጥቁር ተማሪ በአባልነት መቀበሉ። ማዕከሉ አይሆንም ቢል ተማሪዎቹ ጓደኛቸውን አንሰጥም አሉ፣ ስማቸውን ለውጠው ብቻቸውን ቀጠሉ። ሁለተኛው ምሳሌ በፔንሲልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው። በፌብሩዋሪ 2017፣ አዲስ ገቢዎችን በመቀበያው ምሽት፣ አንድ የ19 ዓመት ተማሪ በግድ ያህል መጠጥ ከተጋተ በኋላ ከደረጃ ላይ ወደቀ። በቤቱ የነበሩት “ወንድሞቹ” እርዳታ የጠሩት አሥራ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይተው፣ በማግስቱ ነው። ልጁ ሞተ። ዩኒቨርሲቲውም ያን ቅርንጫፍ ለዘለቄታው አገደ። ቅርንጫፉ የቤታ ቴታ ፓይ፣ የራሱ የቤርድ ማኅበር ነበር።

እንግዲህ ዓመት ብቻ በሚጽፍ መዝገብ ውስጥ ሁለቱም አንድ ናቸው። አንዱ ጋ 1948፣ ሌላው ጋ 2017። በማኅበራቱ ታሪክ ውስጥ ከሚያኮሩት ቀኖች አንዱና ከሚያሳፍሩት አንዱ እኩል ተደፍነዋል። በዚያ ላይ ሌሎች መዘጋቶች አሉ። በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ በደቡብ ያሉ ኮሌጆች ተማሪዎቻቸው ወደ ጦር ሜዳ ስለሄዱ ባዶ ቀሩ። ዊልያምስ ኮሌጅ በ1962፣ አምኸርስትም ራሱ በ1984 እነዚህን ማኅበራት ከግቢያቸው ለማስወጣት ወሰኑ። አባል አጥተው የከሰሙም ሞልተዋል። ጦርነት፣ የኮሌጅ ውሳኔ፣ ድህነት፣ ነውር፣ ክብር፣ ሁሉም በአንድ ዓመተ ምሕረት ሥር ይቀበራሉ። ይህን ገለልተኛነት ነው ለማለት አልችልም። ሳይናገር ለበዳዩ ያደላ ዝምታ ነው።

ከዚህ መዝገብ ጎን ለጎን የሚሄድ ሌላ መዝገብ እንዳለ አብዛኛው ሰው አያውቅም። ሐንክ ኑወር የሚባል አሜሪካዊ ጋዜጠኛና መምህር፣ አዲስ ገቢን በማዋረድና በማሠቃየት ልማድ (እነርሱ ሄዚንግ ይሉታል) የሞቱትን ተማሪዎች ለብዙ ዓመታት ሲመዘግብ ኖሯል። እንደ እርሱ አቆጣጠር ከ1959 እስከ 2021 ባለው ጊዜ ቢያንስ አንድ ሰው ያልሞተበት ዓመት የለም። ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1873 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ አንድ የጄኔራል ልጅ በካፓ አልፋ የመግቢያ ሥርዓት ላይ ከገደል ወድቆ ሞቷል፤ የቤርድ መጽሐፍ ከመውጣቱ ስድስት ዓመት በፊት መሆኑ ነው። አንደኛው መዝገብ ቤቶቹን ይቆጥራል፣ ሁለተኛው ሬሳዎቹን። ሁለቱ አንዱ ሌላውን እንደማያውቅ ሆነው ይኖራሉ።

የጥቁሮቹ ማኅበራት ታሪክ ደግሞ ሌላ ፈር አለው። በነጮቹ ቤት በር ሲዘጋባቸው የራሳቸውን ሠሩ። አልፋ ፋይ አልፋ በ1906 በኮርኔል ተመሠረተ፣ አልፋ ካፓ አልፋ በ1908 በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተከተለች። ከዘጠኙ ታላላቅ የጥቁር ማኅበራት አምስቱ የተወለዱት በሐዋርድ ነው። ታሪካቸውንም ሌላ እስኪጽፍላቸው አልጠበቁም፤ ቻርልስ ዌስሊ የአልፋ ፋይ አልፋን ታሪክ በ1929 አሳትሟል። ሐዋርድ ለእኛም ባዳ አይደለም። ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና የተማሩት እዚያ ነው፣ የዋሺንግተን ሐበሻም መጀመሪያ ቤትና ምግብ ቤት የከፈተው ከዚያ ብዙ ባልራቀ ሠፈር ነው። ዛሬ ልጆቹ እነዚህን ማኅበራት ይቀላቀላሉ። ወላጅ “ልጄ ፊደል ያለበት ጃኬት ለብሳ መጣች፣ ይህ ምንድን ነው?” ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ኩራት የሚገባው ታሪክ እንዳለ ሊነገረው ይገባል። የጥቁሮቹም ማኅበራት ከሄዚንግ ነፃ እንዳልነበሩ፣ በ1990 የዕጩነት ጊዜን በይፋ እስከመሰረዝ እንደደረሱ፣ ልማዱ ግን በድብቅ እንደቀጠለ አብሮ ሊነገረው ይገባል። ፍቅር ያለው መዝገብ ሁለቱንም ይጽፋል።

አሁን ሰበብ የሚሆን ነገር ቀንሷል። በዲሴምበር 2024 የተፈረመው የፌዴራል ሕግ ኮሌጆች በሄዚንግ ጥፋተኛ ሆነው የተገኙትን ማኅበራት ስም፣ የጥፋቱን ዓይነትና ቀኑን ለሕዝብ እንዲያወጡ ያዛል። ይሁን እንጂ ሪፖርቱ እንዲቆይ የሚገደደው ለአምስት ዓመት ነው። አምስት ዓመት ማለት አንድ ተማሪ ገብቶ የሚወጣበት ጊዜ እንኳ በጭንቅ ነው። ከዚያ በኋላ የሚያስታውስ ማን ነው? መቶ ዓመት የሚቆጥረው መዝገብ አይደለም?

አዘጋጆቹ “እኛ ፍርድ ቤት አይደለንም” ሊሉ ይችላሉ። እውነት ነው፣ እንዲፈርዱም የጠየቃቸው የለም። የባጁን ቅርጽና የአበባውን ዓይነት ሳይቀር መዝግቦ ያቆየ መጽሐፍ ከዓመቱ አጠገብ አንዲት ጠባብ ዓምድ ቢጨምር ምን ይከብደዋል? በጦርነት፣ በኮሌጁ ውሳኔ፣ አባል በማጣት፣ በተማሪ ሞት። ለአምኸርስቱ መሥመር “ጥቁር ተማሪ በመቀበሉ ከማዕከሉ ተባረረ” ማለት አምስት ቃል ነው።